ከዐውሎ ነፋሱ በኋላ፤ ከአቃቂ እስከ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ

አቃቂ ቃሊቲ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ ከቅርቡም የባሕር ዳርቻ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የራቀ አገር ሳለ፣ በኑሮው ግን ለባሕር እጅግ የቀረበ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው፤ ከዚያም ወዲህ ፋብሪካውና መጋዘኑ ሐዲዱንና አውራ ጎዳናውን ተከትሎ በዚህ ሜዳ የተተከለው፣ ከባሕር የሚመጣውን ለመቀበልና ወደ ባሕር የሚወርደውን ለመስደድ እንዲመች ነበር። ዛሬም ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሣው ባለ ተሳቢ መኪና በጋላፊ ገብቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ የሚያርፈው በቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ ነው። ከውጭ ወደ አገራችን ከሚገባው ዕቃ ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠው በዚያ ወደብ የሚያልፍ ስለ ሆነ፣ እንደ እኔ በትራንዚተርነት ሥራ ዕድሜውን የገፋ ሰው፣ ባሕሩን በዐይኑ ሳያይ የመርከቦቹን ስምና የመድረሻቸውን ቀን ከጭነት ሰነድና ከዲክላራሲዮን ላይ እያነበበ ይኖራል።

ይህ ማስታወሻ በወረቀት የማውቀውን ያንን ባሕር በአካል ለማየት፣ አልፎም የአየር ሲሊንደር ተሸክሜ ከማዕበሉ በታች ወርጄ ሥነ ፍጥረትን ለመመልከት ስላሰናዳሁት ጉዞ የሚናገር ነው። ጉዞው የተሰናዳው ግን በሰላሙ ዘመን አልነበረም። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለ ዐውሎ ነፋስ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ፣ ባሕረ ሰላጤውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ተከትሎ ተጉዞ፣ ግንቦት 11 ቀን በሶማሌላንድ ጠረፍ ወደ የብስ ወጣ። በበረታበት ሰዓት የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ ይህም በሌሎች ውቅያኖሶች ከሚነሡት ጋር ሲነጻጸር ከኃያላኑ ወገን የሚያስቈጥረው አይደለም። ነገር ግን መዝገብ መያዝ ከተጀመረ ወዲህ በሰሜናዊው የሕንድ ውቅያኖስ ከተነሡት መካከል ይህን ያህል ወደ ምዕራብ ዘልቆ ምድር የመታ ሌላ ዐውሎ ነፋስ አልታየም ነበር። የወረደውም ዝናብን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ በሚያይ፣ የጎርፍ መውረጃው ሁሉ ቤት በተሠራበት አገር ላይ ስለ ነበር፣ ጥፋቱ ከነፋሱ ይልቅ በውኃው ሆነ። በሶማሌላንድ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ፤ ከብትና ግመሉም ከነበረቱ ተጠረገ። በጅቡቲ ከተማ ከ100 ሚሊ ሜትር የበለጠ ዝናብ ወርዶ፣ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ቤቱ ውኃ ገባበት። ጥፋቱም በባሕሩ ዳርቻ ሳይወሰን ወደ እኛው ሶማሌ ክልል፣ ወደ ሲቲ ዞን ዘለቀ።

በዚያ ሰሞን የቃሊቲ ነገር ሁሉ የጅቡቲ መንገድ ነበር። ጎረቤቴ የሆኑት፣ በዚያ መስመር ከባድ መኪና ሲያሽከረክሩ ጠጕራቸው የሸበተ ሹፌር፣ ከሰባት ቀን በኋላ ሲገቡ የመኪናቸው ጎማ እስከ አንገቱ ድረስ ነጭ ጭቃ ለብሶ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው የከባድ መኪኖች ማቆሚያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሹፌሮች ቆመው ውኃው እስኪጐድል እንደ ጠበቁ፣ የአምቡሊ ወንዝ ዘመኑን ሁሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከኖረበት ተነሥቶ አልጋና በር እየገፋ ወደ ባሕር ሲወርድ እንዳዩ፣ ለዓመታት ሻይ የሚያፈሉላቸው አንዲት የድሬዳዋ ተወላጅ እናትም ቤታቸው እንደ ፈረሰባቸው አጫወቱኝ። ይህ ወንዝ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በአንድ ሌሊት ጎርፍ ከ50 የሚበልጥ ሕዝብ የገደለ ነውና፣ የአምቡሊ ሰው ሰማዩ ሲጠቁር የሚደነግጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

እኔ ግን የጉዞውን ሐሳብ ከዐውሎ ነፋሱ በፊት ጀምሬ በልቤ ይዤው ነበር። የሚያስገርመውን ያህል የተዘነጋ ነገር፣ ይህ በባሕር ውስጥ የመጥለቅ ጥበብ ካደገባቸው ስፍራዎች አንዱ በደጃችን ያለው ባሕረ ኤርትራ መሆኑ ነው። ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን የተባሉት ፈረንሳውያን ሰው በጀርባው አየር ተሸክሞ በነጻ የሚጠልቅበትን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1943 ካሰናዱ በኋላ፣ በ1963 ደግሞ የኩስቶ ባልንጀሮች በሱዳን ጠረፍ፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለው ስፍራ፣ 10 ሜትር ያህል ከውኃ በታች ቤት ተክለው አንድ ወር ተቀመጡበት። እኛ በአዱሊስ ወደብ መርከብ ያስተናገድን፣ በንጉሡ ካሌብ ዘመን ሠራዊት በመርከብ ያሻገርን፣ ጳጳሳችንን አባ ሰላማን ሳይቀር ከባሕር አደጋ ተርፎ ሲመጣ የተቀበልን ሕዝብ ሆነን ሳለን፣ ያንን ባሕር ከወለሉ በታች ያየነው ግን እጅግ ጥቂቶች ነን። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ ነበር።

ስለዚህ ዐውሎ ነፋሱ ካለፈ በኋላ ቀድሞ የያዘኝ ጥያቄ የገንዘብም የቀንም አልነበረም። ሰው ቤቱ በፈረሰበት፣ ዓሣ አጥማጁም ጀልባው በተሰበረበት ዳርቻ ለዕረፍትና ለመደሰት መሄድ ተገቢ ነውን? በእኛ አገር ጎረቤቱ ኀዘን የተቀመጠበት ሰው የልጁ ሠርግ ቢደርስበት እንኳ አስቀድሞ ለቅሶ ይደርሳል፤ ከበሮ ለማስመታትም ኀዘንተኛውን ያስፈቅዳል። ይህን ለጎረቤቴ ባማክራቸው፣ ሲጋራቸውን ረግጠው አጥፍተው፣ «ወንድሜ፣ ለጅቡቲ ሰው ከጎርፉ በኋላ የቀረበት ነገር እንግዳ ነው። ጎርፉ ቤቱን ወሰደበት፤ እናንተ ደግሞ ከቀራችሁ እንጀራውን ትወስዱበታላችሁ። ሂድ፤ ግን ከዓሣው በፊት ሰዎቹ ዘንድ ድረስ» አሉኝ። የጉዞዬም ሥርዓት በዚህ ቃል ጸና፤ ቀኑንም፣ መንገዱንም፣ ወጪውንም ያሰናዳሁት ይህን ሥርዓት ለመጠበቅ በሚመች መንገድ ነው።

በዚያው ክረምት የኢትዮጵያና የኤርትራ መንግሥታት በአስመራ ተገናኝተው ሰላም ሲያወርዱ፣ ሐምሌ 11 ቀንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሃያ ዓመት በኋላ አስመራ ሲያርፍ፣ ወዳጆቼ ሁሉ ምጽዋንና የዳህላክን ደሴቶች መረጡልኝ። ከመቶ የሚበልጡት እነዚያ ደሴቶች በእርግጥ የሚያስጐመጁ ናቸው፤ አንድ ቀንም ፈቃዱ ከሆነ አያቸዋለሁ። በዚያ ዓመት ግን የምሄድበትን ለቅሶ ባስቀረው ለኅሊናዬ አይስማማም ነበር።

ቀን ለመምረጥ የነፋሳትን ነገር ማጥናት ግድ ሆነብኝ። መጽሐፈ ሄኖክ የነፋሳትን መዛግብት፣ መመዘናቸውንና መከፈላቸውን ይተርካል፤ በዘመናችን ያሉትም የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህንኑ ሚዛን በየዕለቱ ይመረምራሉ። ከእነርሱ እንደ ተማርሁት፣ የባሕሩ ወለል ሙቀት ከ26 ዲግሪ በላይ ሲሆንና ሙቀቱም ወደ ጥልቁ ዘልቆ ሲገኝ፣ ከውኃው የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ እየወጣ፣ በስፍራውም ሌላ ርጥብ አየር እየተሳበ፣ በምድር መሽከርከር ምክንያት ነፋሱ ይዞራል፤ አዟዟሩም እኛ ባለንበት በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው። ዐውሎው የብስ በረገጠ ጊዜ ግን ቀለቡ የሆነውን ሞቃት ባሕር ስለሚያጣ ይሞታል። በዐረብ ባሕር በኩል የሚነሡት ዐውሎ ነፋሶች ዘመናቸው ሁለት ነው፤ አንደኛው በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ፣ ሁለተኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ መግቢያ። በመካከል ባለው ክረምት ብርቱው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ስለሚነግሥ አይሠሩም። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ጠባብና አየሩም ደረቅ በመሆኑ አብዛኞቹ ሳይደርሱበት ይጠፋሉ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ቻፓላ የመንን በመታ በጥቂት ቀን ውስጥ ሜግ የተባለው ተከትሎ መምጣቱን ያየ ሰው «አይደርስም» ብሎ አይታበይም።

በሌላ ወገን ደግሞ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚጠራኝ ፍጥረት ጊዜው የተወሰነ ነው። ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ወገን ሁሉ በግዝፈት የሚበልጠው፣ ሲያድግ ከ12 ሜትር የሚያልፈው ይህ ፍጥረት፣ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥር በአርታ ዳርቻ ይሰበሰባል። ወደዚያ የሚመጡት በብዛት ገና ያላደጉት፣ ከ3 እስከ 6 ሜትር የሚሆኑት ናቸው። ግዝፈቱን ሰምቶ ዮናስን የዋጠውን ዓሣ ዐንበሪ የሚያስብ ሰው ይደንግጥ ይሆናል፤ ይህ ግን አፉን ከፍቶ ውኃ እያጠለለ ደቂቅ ፍጥረታትን የሚመገብ፣ ሰውን የማይተናኰል ገር ነው። በክረምት ደግሞ በጅቡቲ የበረሃው ነፋስ ሐሩርን ይዞ ባሕሩን ስለሚያናውጥ ጠላቂዎች አይወርዱም። ይህን ሁሉ አነጻጽሬ፣ ከኅዳር ጽዮን በዓል በኋላ፣ ዐውሎ የሚፈራበት ዘመን ሊያልቅ ዓሣውም ገና ሳይበተን ባለው በታኅሣሥ ሳምንት የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ። የነቢያት ጾም መሆኑም ለምሄድበት ነገር የሚስማማ መስሎ ታየኝ።

የደጋ ሰው ወደ ባሕር ከመውረዱ በፊት መዋኘት መማር አለበት። በአቃቂ ሐይቅ የለም አይባልም፤ በአገራችን ቀደምት ከሆኑት የውኃ ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት የአባ ሳሙኤል ሐይቅ ከሰፈራችን ብዙ አይርቅም። ነገር ግን ታላቁና ትንሹ አቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ይዘው የሚገቡበት፣ እምቦጭም ያለበሰው በመሆኑ ሰው ሰውነቱን የሚያስነካው ውኃ አይደለም፤ ይህንንም ስጽፍ ልቤ ይቃጠላል፤ በልጅነታችን አባቶች ዓሣ ይዘውበት ሲመለሱ አይተናልና። ስለዚህ በቢሾፍቱ መንገድ እየወረድሁ፣ በመዋኛ ገንዳ ከሕፃናት ጋር እጅና እግር ማስተባበርን፣ ከዚያም በባቦጋያ ሐይቅ ጀልባ እያጀበኝ ርቀት መዋኘትን ተለማመድሁ። እነዚህ ሐይቆች እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ስለ ሆኑ ከዳርቻው ጥቂት እልፍ ሲሉ ወዲያው ጥልቅ ናቸው፤ ለጀማሪ ብቻውን የሚገባባቸው አይደሉም። በጠላቂነት የሙሉ ጀማሪ ምስክር ወረቀት የሚሻ ሰው ያለ ዕረፍት 200 ሜትር እንዲዋኝና 10 ደቂቃ በውኃ ላይ ተንሳፍፎ እንዲቆይ ይጠየቃል። ሐኪምም ጆሮዬን፣ ሳንባዬንና ልቤን መርምሮ፣ ጉንፋን ከያዘኝ በዚያ ቀን ውኃ እንዳልገባ አጥብቆ ነገረኝ፤ አፍንጫና ጆሮ ከተደፈነ በውስጡ ያለው አየር ከውጭ ካለው ግፊት ጋር ሊስተካከል አይችልምና።

እዚህ ላይ የደጋ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ልዘርዝር፤ ለእኔ ከዐውሎ ነፋሱ ይልቅ ያሳሰበኝ ይህ ነበረና። ሰው በባሕር 10 ሜትር ሲወርድ በሰውነቱ ላይ ያለው ግፊት እጥፍ ይሆናል፤ 20 ሜትር ሲወርድ ሦስት እጥፍ። በዚያ ግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን የተባለው የአየር ክፍል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከወጣ በትንፋሹ ተመልሶ ይወጣለታል፤ ፈጥኖ ከወጣ ግን የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ክዳኑ ሲነሣ እንደሚፈላ በደሙ ውስጥ አረፋ ይሠራል፤ ይህም መገጣጠሚያን የሚያሳምም፣ ሲከፋም ሽባ የሚያደርግና የሚገድል ደዌ ነው። ጠላቂ ትንፋሹን ከቶ አይዝም፤ ከዚህ ደዌ ለመዳንም ሲወጣ ከትንሿ አረፋው ቀድሞ አይወጣም፤ 5 ሜትር ላይ ሲደርስም ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆማል። ከጠለቁም በኋላ በአውሮፕላን ለመሳፈር አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት እንዲጠብቅ ይመከራል፤ በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2 ሺህ 400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ሊሳሳ ይችላልና። የአቃቂ ሰው ቤቱ የተሠራው ከዚህ በማይርቅ ከፍታ ላይ መሆኑን ልብ ይሏል። ለሞምባሳ ወይም ለዛንዚባር ሰው ከባሕር ወጥቶ ቤት መግባት ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን በመኪናም ሆነ በባቡር ብንመለስ መመለሱ ራሱ ወደ ሰማይ መውጣት ነው፤ በአውሮፕላን የሚሳፈረውም በኋላ ይወርዳል፤ እኛ ግን እዚያው ከፍታ ላይ እናድራለን።

ስለዚህ መመለሻዬን ከመሄጃዬ አስቀድሜ አሰናዳሁ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር፣ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀውና በ2010 መግቢያ ወራት መደበኛ ሥራ የጀመረው፣ ከለቡ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። በመኪና ከመሄድ ይልቅ ይህን የመረጥሁት መሀል መንገድ ላይ፣ 1 ሺህ 200 ሜትር በሚሆነው የድሬዳዋ ከፍታ ወርዶ ማደር ስለሚቻል ነው። የመጨረሻው ጠለቃ በተፈጸመ ማግሥት ቀኑን ሙሉ በጅቡቲ ማረፍ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ መግባት፣ አድሮም ወደ ደጋው መውጣት፤ ሥርዓቴ ይህ ሆነ። ለባሕሩ የሚያስተምረኝንም ሰው በስልክ ስጠይቅ፣ የአየር መጭመቂያው መሣሪያ መቼ እንደ ተፈተሸ፣ በጀልባው ላይ ኦክስጅን መኖሩን፣ ሰው ቢታመም ወዴት እንደሚወስዱት፣ ከዐውሎውም ወዲህ የትኞቹን ስፍራዎች እንደ ተዉ ጠየቅሁት። መልካም አስተማሪ በጥያቄ ብዛት አይቈጣም፤ ይህም ሰው አንድ በአንድ መለሰልኝ፤ ከከተማው አጠገብ ያለው ዳርቻ ከጎርፉ በወረደው ደለል እንደ ደፈረሰ፣ በውኃው ውስጥ ሚስማር ያለበት እንጨትና ቆርቆሮ ገና እንደሚገኝ ሳይደብቅ ነገረኝ። ያመንሁትም ስለዚህ ነው።

ባቡሩ ከአቃቂ ሜዳ ወጥቶ፣ ቢሾፍቱንና ሞጆን አልፎ፣ ከአዳማ በታች ወደ ስምጥ ሸለቆ ሲወርድ፣ በጆሮዬ ውስጥ የሚሰማኝ የግፊት ለውጥ ባሕሩ ከሩቅ የሚልክልኝ መልእክት መስሎኝ ነበር። የመተሐራን ጥቁር ድንጋይ፣ የአዋሽን ገደል፣ ከዚያም የሚኤሶን ሜዳ አለፍን። ድሬዳዋ ስንደርስ የደቻቱ ወንዝ በከተማዋ መካከል ደርቆ ተኝቶ ነበር፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ደርሶ ከ200 የሚበልጥ ሰው የወሰደው ይኸው አሸዋ ነው። ዐውሎ ነፋስ የባሕር ሰው መከራ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ወንዝ ሊያይ ይገባዋል፤ ከደጋው ሥር ያለው ቈላ ሁሉ፣ ዝናቡ ከባሕርም ይምጣ ከተራራ፣ የሚሞተው በአንድ ዐይነት ሞት ነው። ከደወሌ ወዲያ ዛፍ ያልቃል፤ ድንጋዩም ግመሉም አንድ ቀለም ይሆናል።

ነጋድ በወረድሁ ማግሥት ወደ ባሕሩ ሳልሄድ ወደ አምቡሊ ሄድሁ። ጎረቤቴ የነገሩኝ እናት ቤታቸውን ከወንዙ ጥቂት ራቅ አድርገው ጀምረውት ኖሮ፣ ከፊሉ ግድግዳ፣ ከፊሉ ሸራ ነበር። ከቃሊቲ መምጣቴን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ ጋሽ ሹፌርስ ደህና ናቸው?» ብለው ስመው አስቀመጡኝ። በጎርፉ ሌሊት ልጆቻቸውን ጣራ ላይ አውጥተው እስኪነጋ እንዳሳለፉ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃቸውን ሲፈልጉ የሰው ዕቃ ብቻ እንዳገኙ ያለ እንባ ነገሩኝ። «የገረመኝ፣» አሉ፣ «ያን ያህል ውኃ ቤቴን አፍርሶ ሲሄድ፣ በማግሥቱ ግን የምንጠጣው አልነበረንም።» ይህን ሲሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የጅቡቲ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ ከእኛው አገር፣ ከሲቲ ዞን ሐደጋላ ከተባለው ስፍራ ከተቈፈረ ጉድጓድ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ የሚወርድ ነው። ዐውሎው የመታው ሕዝብ አንድ ውኃ የሚጠጣ፣ አንድ ወደብ የሚበላ ሕዝብ ነው። ጎረቤቶቼ በቃሊቲ ያዋጡትን ገንዘብ በእጃቸው አስቀመጥሁ፤ «ባሕር ልትገባ ነው አሉኝ፤ በል እንግዲህ፣ ሥላሴ ይጠብቁህ» ብለው ፈቃዳቸውን ሰጡኝ።

ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ ስንሻገር ውኃው ወደ ከተማው በኩል ቡናማ፣ ወደ መካከሉ ደግሞ እየጠራ ሰማያዊ ነበር። አስተማሪው እጄን ይዞ ወረድን፤ እንደ እኔ ላለ ጀማሪ ከ12 ሜትር በታች አይፈቀድም። በመጀመሪያዎቹ ሜትሮች የሰው ልቡና ሁሉ «ተመለስ» ይላል፤ ከዚያ ትንፋሽ ሲረጋ ልብም ይረጋል፤ በአራቱም ማዕዘን፣ ከላይም ከታችም ፍጥረት ይከብባል። ኮራል የሚባለው ድንጋይ የሚመስል ነገር በእርግጥ የብዙ ሺህ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው፤ አጥንታቸውን ከባሕሩ ኖራ እየሠሩ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየታነጹ ይኖራሉ። ዐውሎው ምን እንዳደረገ ለማየት የሠለጠነ ዐይን አያሻም ነበር፤ ከጥልቀቱ በላይኛው ክፍል ቅርንጫፍ ያላቸው ኮራሎች ተሰብረው ወድቀዋል፤ በአንዳንዱም ላይ ደለል እንደ ዱቄት ተነስንሷል። ክብ ክብ የሆኑት ትልልቆቹ ግን ጸንተው ቆመዋል፤ በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚያድጉ ናቸውና ከእኛ አያቶች ዘመን ጀምሮ እዚያው አሉ። በተሰበረው ጉቶ ጫፍ ላይ አዲስ ነጭ ጫፍ ብቅ ብሎ አስተማሪው በጣቱ አሳየኝ። በኋላ ጀልባ ላይ እንደ ነገረኝ፣ ቅርንጫፋሞቹ በመልካም ጊዜ በዓመት ብዙ ሴንቲ ሜትር ስለሚያድጉ ያገግማሉ፤ ማዕበሉም የታችኛውን ቀዝቃዛ ውኃ ስላወጣ በሙቀት ለሚሞተው ኮራል ለጊዜው ዕረፍት ሊሆነው ይችላል። የማይድነው መልሕቅ በየቀኑ ሲጣልበትና ሰው ሲረግጠው ነው። እኔም ከዚያ በኋላ በወረድሁበት ሁሉ እግሬን ሰበሰብሁ።

ዌል ሻርኩን ያየሁት በአርታ ዳርቻ ነው። እርሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ ከወለሉ አጠገብ ስለሚመገብ መነጽርና አጭር መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። የአገሩ ዓሣ አጥማጅ ጀልባውን አጥፍቶ በእጁ አመለከተን፤ ውኃው በዚያ ስፍራ በደቂቅ ፍጥረታት ብዛት ደብዛዛ ነበርና፣ መጀመሪያ የታየኝ ዓሣው ሳይሆን በሰማያዊው ጥላ ላይ የተዘራ የነጭ ነጠብጣብ ብዛት ነበር። ይህ ነጠብጣብ ከአንዱ ወደ ሌላው የተለየ ስለ ሆነ ሊቃውንቱ እያንዳንዱን በእርሱ ለይተው ያውቁታል። ከዚያ የበር ያህል ሰፊ አፉ፣ ከአፉም ግራና ቀኝ ትንንሽ ዐይኖቹ ወጡ፤ አጠገቤ አልፎ ሲሄድ ርዝመቱ አላልቅ አለኝ። መንካት ክልክል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ተመዝግቧልና ከመንገዱ መቆምም አይገባም። ዕፁብ ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘሁም፤ እንባዬም በመነጽሬ ውስጥ ሞላ።

በዕረፍቱ ቀን ጓደኞች በመኪና ወደ አርታ ተራራ እንውጣ፣ ነፋሻማ ነው አሉኝ። 700 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ስለ ሆነ እምቢ አልሁ፤ ናይትሮጅኑ ከሰውነቴ እስኪወጣ ከባሕሩ ወለል አልተነሣሁም። ቀኑን በአምቡሊ፣ በእናቲቱ ቤት ሸራ ሥር አሳለፍሁ፤ የቤቱን መሠረት ከመንገዱ በጉልበት ልክ ከፍ አድርገው በድንጋይ እንዲያስጀምሩት ከአናጢው ጋር ተማከርን።

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ጅቡቲ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደባት የሚል ወሬ ሲሰማ፣ እኔ ቃሊቲ ለሁለተኛ ጊዜ ፈቃድ ልጠይቅ ቅጽ እየሞላሁ ነበር። ቅጹን አስቀምጬ አስቀድሜ ስልክ ደወልሁ። እናቲቱ ራሳቸው አነሡት። ውኃው እስከ መሠረቱ ድንጋይ ደርሶ እንደ ቆመ፣ የሁለት ጎረቤት ልጆችን ቤታቸው አስገብተው እንዳሳደሩ፣ ቆርቆሮው ግን በነፋስ ከአንድ ወገን እንደ ተገነጠለ ነገሩኝ፤ ከዚያም ጋሽ ሹፌር መቼ እንደሚወርዱ ጠየቁኝ፤ ሚስማርና ሁለት ቆርቆሮ ከቃሊቲ ይዘውላቸው እንዲመጡ ነበር። እርሳቸውም በዚያው ሳምንት ጫኑላቸው፤ እኔም ቅጹን ለጥር ሞላሁ።